ፊቱን ያዞረው አጋዘን፦ የጃፓን የአራዳ ቃላት ከየት መጡ?

ጃፓን ውስጥ ሀናፉዳ የሚባል የካርታ ጨዋታ አለ። ካርታዎቹ መዳፍ ውስጥ የሚጠፉ ትንንሽ ናቸው፤ ግን ወፍራም ናቸው። በጠቅላላው 48 ናቸው። ዓመቱ በ12 ወር ተከፍሎ ለእያንዳንዱ ወር 4 ካርታ ይደርሰዋል። እያንዳንዱ ወርም የራሱ አበባ ወይም ዛፍ አለው። ዛሬ በቪዲዮ ጌም የምናውቀው ኔንቴንዶ እ.ኤ.አ. በ1889 ኪዮቶ ውስጥ ሥራ የጀመረው እነዚህን ካርታዎች በማምረት ነው። (ከዚህ በታች የምጠቅሳቸው ዓመታት ሁሉ በፈረንጆች አቆጣጠር ናቸው።)

ከ10ኛው ወር ካርታዎች አንዱን እንውሰድ። ቅጠሉ የቀላ ዛፍ አለ። አጠገቡ አጋዘን ቆሟል። አጋዘኑ ግን አያየንም። አንገቱን ቆልምሞ ፊቱን አዙሯል። ቢጠሩትም የሚሰማ አይመስልም።

በጃፓንኛ አጋዘን "ሺካ" ነው። አስር ደግሞ "ቶ" ይባላል። ቁማርተኞች ሁለቱን ገጣጠሙና "ሺካቶ" አሉ። እኛ "ፊት መንሳት" የምንለው ነው። ሰውን አይቶ እንዳላዩ መሆን፣ ሲናገር እንዳልሰሙ ማለፍ። ቃሉ ከቁማርተኞች ወደ ጎረምሶች፣ ከጎረምሶች ወደ ትምህርት ቤት ወረደ። ዛሬ ጃፓን ውስጥ አንድ ልጅ ክፍሉ በሙሉ ሲያድምበት፣ ማንም ሳያናግረው ሲውል፣ "ሺካቶ አደረጉኝ" ይላል። ልጁ ሀናፉዳ በእጁ ነክቶ አያውቅ ይሆናል። አጋዘኑ ግን አሁንም ፊቱን እንዳዞረ ነው።

የጃፓን የአራዳ ቃላትን የምወዳቸው ለዚህ ነው። ብዙ ሰው የወጣቶች ብልሽት አድርጎ ያያቸዋል። እኔ ግን አንድ ነገር ደጋግሜ አያለሁ። አብዛኞቹ የተወለዱት በር በተዘጋበት ቦታ ነው። ቁማር ቤት፣ እስር ቤት፣ የቲያትር መጋረጃ ጀርባ፣ የቤተ መንግሥት ጓዳ። ውስጥ ያሉት ሰዎች ውጭ ያለው እንዳይሰማቸው ፈጠሯቸው። ከዚያ በሩ ተከፈተና ቃሉ አመለጠ። ቃሉን ያዝ አድርጎ ወደ ኋላ የተከተለ ሰው ያንን ጓዳ ያገኘዋል።

ከቁማር ሳንወጣ አንድ ልጨምር። "ያኩዛ" የሚለውን ቃል ዓለም ሁሉ ያውቀዋል። የጃፓን የማፊያ ቡድኖች መጠሪያ ነው። ቃሉ ግን ሦስት ቁጥር ነው፦ "ያ" 8፣ "ኩ" 9፣ "ዛ" ደግሞ 3። ኦይቾ-ካቡ በሚባል የካርታ ጨዋታ የያዝካቸውን ካርታዎች ትደምራለህ። የሚቆጠረው የድምሩ የመጨረሻ አሃዝ ብቻ ነው። 9 ከሆነ አንደኛ ነህ። 8፣ 9 እና 3 ሲደመሩ 20 ይሆናሉ። የመጨረሻው አሃዝ ዜሮ ነው። ምንም! ስለዚህ "ያኩዛ" መጀመሪያ "የማይረባ" ማለት ነበር፤ ኋላ ለማይረቡ ሰዎች ሆነ። ሰዎቹ አድገው አስፈሪ ሲሆኑ ቃሉም አብሯቸው አስፈሪ ሆነ። ከዚያው ዓለም "ቦንኩራ" የሚል ስድብም ወጥቷል። "ቦን" የቁማር ዳይስ የሚጣልበት ቦታ ነው፤ "ኩራ" ጨለማ። ጨዋታው ፊቱ እየተካሄደ ዓይኑ የማያይ ሰው ነው። ደደብ ማለት ሆኖ ቀረ።

የአኒሜ፣ የጃፓን ካርቱን ፊልም፣ ተመልካች ሁሉ የሚያውቀው ቃል ግን "ያባይ" ነው። ለአማርኛ ጆሮ የዓባይ ወንዝ የተጠራ ይመስላል። አንድ ወጣት ራመን ቀርቦለት መጀመሪያ ሾርባውን ይቀምሳል። ቾፕስቲኩን ያስቀምጣል። ዓይኑን ይጨፍንና "ያባይ" ይላል። በጣም ይጣፍጣል ማለቱ ነው። እዚያው ስልኩን ያያል። ባቡሩ ሊያመልጠው 4 ደቂቃ ቀርቶታል። "ያባይ!" አሁን ደግሞ ጉድ ፈላ ማለቱ ነው።

የቃሉ ሥር "ያባ" ነው። በኤዶ ዘመን፣ ማለትም ከ1603 እስከ 1868 ባለው ጊዜ፣ "አደገኛ፣ የማይመች" ማለት ነበር። ስለ መነሻው ሁለት ሐሳብ አለ። አንዱ ያባ የቀስት መወርወሪያ ቤት ነው ይላል። እነዚህ ቤቶች ከፊት ቀስት እያስወረወሩ ከኋላ ሴተኛ አዳሪ የሚያስተናግዱ ነበሩ። ባለሥልጣን የሚከታተላቸው ቦታዎች ስለነበሩ እዚያ መገኘት ራሱ አደጋ ነው። ሌላው ደግሞ ያባ እስር ቤትን ወይም ጠባቂዎቹን የሚያመለክት የወንጀለኞች ቃል ነው ይላል። በሁለቱም መንገድ ቃሉ የሌባ ቃል ነው። "ያባይ" ያለ ሌባ "ፖሊስ መጣ፣ እንሽሽ" ማለቱ ነበር።

ይህ የሌባ ቃል ታዲያ እንዴት የጣፋጭ ራመን ምስጋና ሆነ? መጀመሪያ ወጣቶች ወሰዱትና በ1980ዎቹ አካባቢ "ያስጠላል፣ ያሳፍራል" ለማለት ተጠቀሙበት። ቀጥሎ ተገለበጠ። በጣም ጥሩ ነገር ራሱ አደጋ አለው፤ ይይዝሃል፤ ራስህን መግዛት ይሳንሃል። የአዲስ አበባ ልጅ ይህን ለመረዳት ረጅም ማብራሪያ አያስፈልገውም። "አደገኛ ልጅ ናት"፣ "አደገኛ ጎል አገባ" ስንል ያደረግነው ያንኑ ነው። የጃፓን የባህል ጉዳዮች ኤጀንሲ በ2014 ባደረገው የቋንቋ ጥናት፣ ዕድሜያቸው ከ16 እስከ 19 ከሆኑት ከ10 ሰዎች 9ኙ "ያባይ"ን ለጥሩ ነገር እንደሚጠቀሙ ተናግረዋል። ከ70 ዓመት በላይ ያሉት ግን እንዲያ የሚሉት በጣም ጥቂት ናቸው። አያትና የልጅ ልጅ አንድ ማዕድ ላይ ተቀምጠው፣ ልጁ ምግቡን "ያባይ" ቢል አያቱ ምግቡ የተበላሸ ሊመስላቸው ይችላል።

አረጋውያኑ ቅር ቢላቸው አልፈርድም። ግን "ሱጎይ" የሚለውን ቃል ማስታወስ ይገባል። ዛሬ "ሱጎይ" ማለት "ድንቅ ነው" ነው፤ አያቶችም ይሉታል። በድሮው ጃፓንኛ ግን ይህ ቃል የሚያስፈራን፣ አጥንት የሚያቀዘቅዝን ነገር የሚገልጽ ነበር። እሱም እንደ ያባይ ከፍርሃት ተነስቶ ነው ወደ አድናቆት የተሻገረው።

ሌላው መፍጠሪያ መንገድ መገልበጥ ነው። ጃፓንኛ እንደ አማርኛ በክፍለ ቃል ይጻፋል። ስለዚህ ቃልን ቆርጦ ኋላውን ወደ ፊት ማምጣት ቀላል ነው። "ታኔ" ዘር ማለት ነው። ሲገለበጥ "ኔታ" ይሆናል። ዛሬ ሱሺ ላይ የሚቀመጠው ዓሣ ኔታ ይባላል። ኮሜዲያን መድረክ ላይ ይዞት የሚወጣው ቀልድ ኔታ ነው። የጋዜጠኛ ወሬም ኔታ ነው። ፊልም ሳታይ መጨረሻውን የሚነግርህ ሰው የሚሠራው ጥፋት ደግሞ "ኔታባሬ" ይባላል፤ ዘሩ ሾለከ እንደማለት። "ፉዳ" የመግቢያ ቲኬት ነበር። ተገልብጦ "ዳፉ" ሆነ። "ዳፉያ" ደግሞ ስታዲየም በር ላይ ቲኬት በውድ የሚቸበችበው ሰው ነው። "ያዶ" ማደሪያ ነው። ተገልብጦ "ዶያ" ሲሆን የቀን ሠራተኞች የሚያድሩበት ርካሽ ማደሪያ ሆነ። ቶክዮ ውስጥ ሳንያ፣ ኦሳካ ውስጥ ካማጋሳኪ የሚባሉት ሰፈሮች በዚህ ስም ይታወቃሉ። ይህን ሳነብ ትንሽ ቆም አልኩ። ማደሪያ የሚለውን ቃል መገልበጥ "ይህ እንኳ ማደሪያ አይባልም" እንደማለት ነው።

"ዴካ" የሚለው ግን የበለጠ ተንኮል አለበት። መርማሪ ፖሊስ ማለት ነው። በሜይጂ ዘመን፣ ማለትም ከ1868 እስከ 1912 ባለው ጊዜ፣ ሲቪል የሚለብሱ ፖሊሶች "ካኩሶዴ" የሚባል እጅጌው አራት ማዕዘን የሆነ ልብስ ያዘወትሩ ነበር። ወንጀለኞች ከቃሉ መጀመሪያ "ካ"ን፣ ከመጨረሻው "ዴ"ን ወሰዱ። ገለበጧቸው። ዴካ። ፖሊሱ አጠገባቸው ቆሞ ስሙ ቢጠራም አያውቅም። ዛሬ ግን የቴሌቪዥን ድራማ ሁሉ ዴካ ይላል፤ ፖሊሶቹም ራሳቸው።

ከሁለተኛው የዓለም ጦርነት በኋላ ደግሞ መገልበጡን የጃዝ ሙዚቀኞች ተረከቡት። የቶክዮው ሰፈር ጊንዛ "ዛጊን"፣ ሱሺ "ሺሱ" ሆነ። ከሙዚቀኞቹ ወደ ቴሌቪዥን ሰዎች ተዛመተ። አሁን "ዛጊን ሄደን ሺሱ እንብላ" የሚል ሰው ያለፈበት ፕሮዲዩሰር ይመስላል።

አሁን ወደማልጠግበው ታሪክ ልምጣ። ብዙ ጊዜ የአራዳ ቃል ስንል ሌባና ቁማርተኛ ይታየናል። ግን በጃፓን ረጅም ዕድሜ ካላቸው ቃላት ብዙዎቹን የፈጠሩት የቤተ መንግሥት ሴቶች ናቸው። ዘመኑ ሙሮማቺ ይባላል፤ ከ1336 እስከ 1573። በንጉሠ ነገሥቱ ግቢ የሚያገለግሉ ወይዛዝርት ምግብንና የጓዳ ዕቃን በስሙ መጥራት ነውር መሰላቸው። ስለዚህ የራሳቸውን ቋንቋ አበጁ።

ዘዴያቸው እንዲህ ነው። የቃሉን የመጀመሪያ ድምፅ ትይዝና ሌላውን ትተዋለህ። ከኋላው "ሞጂ" ትጨምራለህ። ሞጂ ፊደል ማለት ነው። ሱሺን "ሱሞጂ" አሉት፤ "ያ በሱ ፊደል የሚጀምረው ነገር" እንደማለት። ጭልፋን፣ "ሻኩሺ"ን፣ "ሻሞጂ" አሉት። ረሃብን ደግሞ በቀጥታ መናገር በጣም አሳፋሪ ነው። የራበው ሰው "ሂዳሩሺ" ይል ነበር። ወይዛዝርቱ "ሂሞጂ" አሉ፤ "የሂ ፊደል ይዞኛል" እንደማለት። ሱሞጂ ሞተ። ሻሞጂ ግን ዛሬ በጃፓን ቤት ሁሉ ሩዝ የሚቀዳበት ጠፍጣፋ ማንኪያ ስም ነው። "ሂሞጂይ" ደግሞ "ርቦኛል" የሚል መደበኛ ቃል ሆኖ መዝገበ ቃላት ገባ። ምግብ ቤት ገብተህ "ኦሂያ" ብትል ቀዝቃዛ ውሃ ይመጣልሃል። እሱም የእነሱ ነው። ሆድን "ኦናካ" ማለትም የእነሱ ነው፤ "ናካ" ውስጥ ማለት ስለሆነ "የውስጡ" ብለው ሸፈኑት።

አሁን ወደ 2007 እንዝለል። በዚያ ዓመት በጃፓን ወጣቶች አፍ የነገሠ አንድ ምህጻር ነበር፦ "ኬ-ዋይ"። ሁለት የላቲን ፊደል ነው። "ኩኪ" አየር፣ "ዮሜናይ" ማንበብ አይችልም። አየሩን የማያነብ ሰው። ጃፓን ውስጥ አየር ማንበብ ትልቅ ቁም ነገር ነው። ሰዎች ያልተናገሩትን መረዳት፣ ጨዋታው ሲያበቃ ማወቅ፣ ሁሉም ዝም ሲል ዝም ማለት። ይህን የማይችለውን ሰው ፊት ለፊት "አታነብም" ማለት ጨካኝነት ነው። ስለዚህ ልጆቹ ሁለት ፊደል ብቻ አሉ። ወይዛዝርቱ ረሃብን "የሂ ፊደል" ካሉበት ዘዴ ጋር አንድ ነው። ከ400 ዓመት በላይ ልዩነት አለ፤ ወይዛዝርቱ በኪሞኖ፣ ልጆቹ በዩኒፎርም፤ ነውሩን በመጀመሪያ ፊደሉ መሸፈኑ ግን ያው ነው።

ማሳጠሩም ሌላ ስልት አለው። "ገባኝ፣ እሺ" ለማለት "ርዮካይ" ይባላል። በስልክ መልእክት "ርዮ" ሆነ። ከዚያ ይባስ ብሎ "ሪ" ሆነ። አንድ ፊደል!

የውጭ ቃል ሲገባ ደግሞ ጃፓንኛ ምን እንደሚያደርግ ማየት ደስ ይላል። እኛ የውጭ ግስ ስንወስድ ብዙ ጊዜ "አደረግኩ"ን እንለጥፍበታለን፤ "ዳውንሎድ አደረግኩ" እንላለን። እነሱ ቃሉን ቆርጠው "ሩ" ይጨምሩበታል። ከዚያ እንደ ሀገር በቀል ግስ ይረባል። ጉግል ላይ መፈለግ "ጉጉሩ" ነው። ፈለግኩ "ጉጉታ"፣ አልፈልግም "ጉጉራናይ"። ይህ የኢንተርኔት ዘመን ፈጠራ አይደለም። በ1919 በኮቤ ከተማ የካዋሳኪ መርከብ ፋብሪካ ሠራተኞች የደመወዝ ጭማሪ ጠየቁ። ሥራ አላቆሙም። በሰዓታቸው ገብተው ግን እጃቸውን አጣጠፉ። ይህ ትግል በፈረንሳይኛው ቃል "ሳቦታጅ" ተባለ፤ ፋብሪካውም የ8 ሰዓት የሥራ ቀን ለመፍቀድ ተገደደ። ሕዝቡ ቃሉን ወደደው። ቆረጠውና "ሳቦሩ" አለ። ዛሬ ከክፍል የሚፎርፍ ተማሪ ሁሉ ሳቦሩ ያደርጋል። የትልቅ የሠራተኛ ትግል ቃል ነው፤ የፎረፈው ልጅ ግን ሀገርኛ ቃል የተናገረ ይመስለዋል።

ቴክኖሎጂም የራሱን ጓዳ ከፍቷል። በ1990ዎቹ የትምህርት ቤት ልጃገረዶች ኪስ ውስጥ ፔጀር የሚባል ትንሽ የመልእክት መቀበያ ነበር። መጀመሪያ የሚያሳየው ቁጥር ብቻ ነው። ልጃገረዶቹ ቁጥር ብቻ ከሆነ በቁጥር እንጻፍ አሉ። በጃፓንኛ አንድ ቁጥር ብዙ ንባብ አለው። 0840 "ኦ-ሀ-ዮ-ኦ" ይነበባል፤ እንደምን አደርክ። 4649 "ዮ-ሮ-ሺ-ኩ" ነው፤ አደራህን እንደማለት። አራቱ መጀመሪያ "ዮ"፣ ቀጥሎ "ሺ" ሆኖ መነበቡን ልብ በሉ። እናት የልጇን ፔጀር ብትከፍት የምታየው የቁጥር መዓት ነው። በጃፓን የመጨረሻው የፔጀር አገልግሎት በመስከረም 2019 ተዘጋ።

ከዚያ ሳቁ መጣ። የመጽሔት ቃለ ምልልሶች ተናጋሪው ሲስቅ "ሳቅ" የሚል ምልክት በቅንፍ ያስገቡ ነበር፤ ንባቡ "ዋራይ" ነው። ኢንተርኔት ላይ ይህን መጻፍ ጊዜ ይወስዳል። ስለዚህ "ዋራይ" በላቲን ሲጻፍ የሚጀምርበትን ደብሊው ብቻ አስቀሩ። ብዙ ሲያስቅ ደብሊው ይደረደራል። አራት፣ አምስት፣ አሥር ደብሊው ጎን ለጎን ሲቆሙ ጫፋቸው ሾሎ ሾሎ ሳር ይመስላል። አንድ ሰው ይህን አየና "ኩሳ" አለ። ሳር። አሁን በጣም የሚያስቅ ነገር ሲያዩ "ሳር በቀለ" ይላሉ። ሆድ የሚያቆስል ከሆነ "ትልቅ የሳር ሜዳ" ይላሉ። ሳቅ ፊደል ሆነ፣ ፊደሉ ሥዕል ሆነ፣ ሥዕሉ መልሶ ቃል ሆነ። ለእኔ ከዚህ ሁሉ እጅግ የሚያምረው ይህ ነው።

ሁሉም ቃል ግን ከተማ ውስጥ አልተወለደም። "ኡዛይ" ማለት "ነዘነዝከኝ፣ አትለጥፍብኝ" ነው። ሲሰማ ፍጹም የቶክዮ ቃል ይመስላል። ሥሩ ግን "ኡዛታይ" የሚል ከቶክዮ ምዕራብ፣ ከታማ አካባቢ የመጣ የገጠር ቃል ነው። የቋንቋ ሊቁ ኢኖዌ ፉሚዮ እንዲህ ከዳር ወደ መሃል የሚገቡ ቃላትን ሲያጠና "አዲስ ዘዬ" ብሎ ሰየማቸው። ከተሜው በገጠሩ ዘዬ እየሳቀ የገጠሩን ቃል አፉ ውስጥ ይዞ ይዞር ነበር።

በዚህ አጋጣሚ ተረትን ከታሪክ መለየት ይገባል። "ዳሳይ" ፋራ ማለት ነው፤ ያለፈበት ልብስ፣ ያለፈበት ጸባይ። ብዙ ሰው ቃሉ ከቶክዮ ጎረቤት ከሳይታማ መጣ ይላችኋል፤ "ዳቴ ሳይታማ"፣ ማለትም "ምክንያቱም ሳይታማ ነው"፣ የሚለው ዐረፍተ ነገር አጥሮ ነው ይላሉ። ነገሩ ተገላቢጦሽ ነው። ዳሳይ ቀደም ብሎ ነበር። በ1980ዎቹ ታሞሪ የተባለው ታዋቂ ኮሜዲያን "ዳ-ሳይታማ" እያለ በቴሌቪዥን ሲያሾፍ ሰው ሁለቱን አገናኛቸው። የአራዳ ቃል ላይ በጣም የሚጥም የልደት ታሪክ ስትሰሙ ትንሽ ተጠራጠሩ።

"ኦታኩ"ንም ሳልነካ አላልፍም። ቃሉ "ቤትዎ" ማለት ነው፤ ከዚያም በአክብሮት "እርስዎ"። የአኒሜና የማንጋ፣ የጃፓን የሥዕል ታሪክ፣ ወዳጆች ሲገናኙ እርስ በርስ "ኦታኩ" ይባባሉ ነበር። እስቲ ሁለት የ17 ዓመት ጎረምሶች "እርስዎ ይህን ክፍል አይተውታል?" ሲባባሉ አስቡት። በ1983 ናካሞሪ አኪዮ የተባለ ጸሐፊ ይህን ታዘበና በአንድ የማንጋ መጽሔት ላይ ሰዎቹን ራሳቸውን "ኦታኩ" ብሎ ጠራቸው። ፌዝ ነበር። ለዓመታት ስድብ ሆኖ ቆየ። አሁን በዓለም ዙሪያ ወጣቶች በኩራት ራሳቸውን ኦታኩ ይላሉ።

አብዛኞቹ ግን ይህን ዕድል አያገኙም። በ1996 የቶክዮው የሺቡያ ሰፈር ልጃገረዶች "ቾቤሪባ" ይሉ ነበር፤ "ቾ" እጅግ፣ "ቤሪባ" ደግሞ ቬሪ ባድ የሚለው እንግሊዝኛ ተቆርጦ ነው። በዚያ ዓመት ከአስሩ የዓመቱ ቃላት አንዱ ተብሎ ተሸለመ። ዛሬ ማንም አይለውም። "ናው" ከሚለው የእንግሊዝኛ ቃል የተሠራው "ናዉይ" ዘመናዊ ማለት ነበር፤ አሁን እሱን የሚል ሰው ራሱ ዘመናዊ አይደለም። ጃፓኖች ለእነዚህ ስም አላቸው፦ "ሺጎ"። የሞተ ቃል።

ከአኒሜ ጃፓንኛ የለቀማችሁ ወዳጆቼ፣ እነዚህን ቃላት ከመናገራችሁ በፊት የምታናግሩትን ሰው ተመልከቱ። ጃፓንኛ እንደ አማርኛ አንተንና እርስዎን የሚለይ ቋንቋ ነው፤ እንዲያውም ይብሳል። አለቃችሁ ለላከላችሁ መልእክት "ሪ" ብላችሁ መመለስ አይታሰብም። ለጓደኛ ግን ግድ የለም፤ እሱም "ርዮ" ብትሉት "ሪ" ይላችኋል።